«ምን እናድርግ?» ከውሃው በፊት የሚመጣ ጥያቄ

በቅርቡ አንድ ወዳጄን ስለ ጥምቀቱ ጠየቅሁት። ከተጠመቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የውሃውን ቅዝቃዜ ያስታውሳል። የለበሰውን ነጭ ልብስ፣ ፎቶ ያነሳውን ልጅ ሳይቀር ያስታውሳል። «ያን ቀን ምን ብለህ ቃል ገባህ?» ስለው ግን ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «አዎ ማለቴን አስታውሳለሁ፤ ምን ተብዬ እንደነበር ግን እንጃ» አለኝ።

በእሱ አልፈርድም። የጥያቄውን ክብደት ቁጭ ብሎ ያስረዳው ሰው አልነበረም። መልሱ ግን ከውስጤ አልወጣ አለ። እንደ እሱ ያለው ብዙ ነው። ቀኑ ይደርሳል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ይዘመራል፣ እልል ይባላል። በማግስቱ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ደስታው ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፤ በሰማይም ደስታ አለ ተብሎ ተጽፏል። እኔን የሚያሳስበኝ ከደስታው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው።

የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3ን ክፈቱ። ሕዝቡ ሊጠመቅ ወደ ዮሐንስ ይመጣል። ዮሐንስ ንስሐ ግቡ ብሎ ብቻ አያሰናብታቸውም። እነሱም «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ይሉታል። መልሱ የሚገርም ነው። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል። ምግብ ያለውም እንዲሁ ያድርግ። ቀረጥ ሰብሳቢዎች ሲጠይቁት፣ ከታዘዘላችሁ በላይ አትውሰዱ አላቸው። ጭፍሮቹን ደግሞ ሰውን አትግፉ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ለእያንዳንዱ መልሱን ያገኘው እዚያው በእጁ ላይ ነው፤ በልብሱ፣ በሥራው፣ በገንዘቡ።

እርግጥ የዮሐንስ ጥምቀት የንስሐ ጥምቀት ነበር። በክርስቶስ ስም የሚደረገው ጥምቀት ከዚያ ይበልጣል። ይሁን እንጂ በጰንጠቆስጤ ቀን ጴጥሮስ ሰብኮ ሲጨርስ፣ ልባቸው የተነካ ሰዎች የጠየቁት ያንኑ ነው፤ «ምን እናድርግ?» በዚያ ቀን ሦስት ሺህ ያህል ሰው ተጨመረ። ወረድ ብላችሁ ብታነቡ እነዚያው ሰዎች ያላቸውን እየሸጡ ለቸገረው ያካፍሉ ነበር። ጥምቀቱ ኪሳቸው ድረስ ዘልቆ ገብቷል።

አንድ ሰው እዚህ ላይ ሊያቆመኝ ይችላል። «ሐዋርያት እኮ ወዲያው ነበር የሚያጠምቁት፤ አንተ ለምን ታከብደዋለህ?» ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጃንደረባው በመንገድ ላይ ውሃ አይቶ፣ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድን ነው ብሎ ሠረገላውን አስቁሟል። የፊልጵስዩስ ወህኒ ጠባቂም በዚያው ሌሊት ነው የተጠመቀው። ነገር ግን ጃንደረባው ለመስገድ ኢየሩሳሌም ድረስ የሄደ፣ በመንገድም ኢሳይያስን የሚያነብ ሰው ነበር። ወህኒ ጠባቂው ደግሞ ከመጠመቁ በፊት የጳውሎስንና የሲላስን ቁስል አጥቧል። ጥቂት ሰዓት ቀደም ብሎ እግራቸውን በግንድ ያጣበቀው እሱ ራሱ ነበር! ስለዚህ ፍጥነት አያስፈራኝም። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ሊለወጥ ይችላል። የሚያስፈራኝ ምንም ሳይለወጥ የሚያልፍ ጥምቀት ነው፤ ሦስት ወር ቢማርም ያው ነው።

የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ይህን በደንብ ገብቷት ነበር። በ3ኛው መቶ ዘመን እንደተዘጋጀ የሚገመት አንድ የሥርዓት መጽሐፍ፣ ንኡሰ ክርስቲያን ማለትም ለመጠመቅ የሚማር ሰው ሦስት ዓመት ቃሉን ይስማ ይላል። ቀጥሎ ደግሞ የሚለው ነገር ደስ ይለኛል፤ ሰውየው ትጉህ ከሆነ የሚመዘነው በጊዜው ርዝመት ሳይሆን በኑሮው ነው። ከመጠመቁ በፊት ስለ እሱ የሚጠየቀውም በቃል ስለሸመደደው ነገር አይደለም። መበለቶችን አክብሯል ወይ? በሽተኞችን ጠይቋል ወይ? በጎ ሥራ ሠርቷል ወይ? ያመጡት ሰዎች ስለ እሱ ይመሰክራሉ። ሥራውም ይጣራል። ጣዖት የሚቀርጽ፣ ለትዕይንት ሰው የሚገድል ሥራውን ይተው፤ አልተውም ካለ አይቀበሉት ይላል። እንጀራውን የሚነካ ጥያቄ ነው። ዛሬ እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ተጠማቂ ስንት ይሆን?

በ203 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን አፍሪካ ከተማ በካርታጎ በእምነቷ ምክንያት የተገደለችው ፐርፔቱዋ ሁልጊዜ ትታወሰኛለች። 22 ዓመት ገደማ የሆናት፣ ጡት የሚጠባ ልጅ የነበራት ወጣት ናት። የተያዘችው ገና ለመጠመቅ እየተማረች ሳለ ነው። የተጠመቀችውም ከተያዘች በኋላ ነው። አባቷ እየለመነ፣ እያለቀሰ፣ ስለ ልጅሽ ብለሽ ካጂ አላት። እሷ ግን ከሆንኩት ውጪ ሌላ ስም ልጠራ አልችልም አለች። ለእሷ ጥምቀት ከሞት ጋር የተያያዘ መሆኑ ጥቅስ ብቻ አልነበረም። ጳውሎስ በሮሜ 6 ላይ «ከሞቱ ጋር አንድ እንሆን ዘንድ በጥምቀት ከእርሱ ጋር ተቀበርን» ሲል፣ እሷ ቃሉን በሰውነቷ ኖረችው።

ጥምቀትን ማክበርም መንገድ የሚስትበት ጊዜ አለ። በ4ኛው መቶ ዘመን ብዙዎች፣ ከተጠመቅኩ በኋላ ኃጢአት ብሠራስ ብለው ፈርተው እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ያዘገዩት ነበር። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በ337 ዓ.ም. የተጠመቀው ሊሞት ሲቃረብ ነው። የዚያ ዘመን ጳጳስ የነበረው ጎርጎርዮስ ዘናዚያንዙ ይህን ማዘግየት አጥብቆ ተቃውሟል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ጥምቀትን በቁም ነገር መውሰድ ማለት ፍጹም እስክሆን ልጠብቅ ማለት አይደለም። እንደዚያማ ከሆነ ማንም አይጠመቅም።

በሕፃንነታቸው የተጠመቁትስ? ስለ እነሱ ቃል የገባ ሰው አለ፤ ወላጅ አለ፣ የክርስትና አባት ወይም እናት አለች። ያ ቃል ልጁ ሲያድግ እጁ ላይ ሊሰጠው ይገባል። «ስለ አንተ እንዲህ ብዬ ነበር፤ አሁን አንተ ምን ትላለህ?» የሚለው ሰው ካላገኘ፣ ጥምቀቱ የሌላ ሰው ትዝታ ሆኖ ይቀርበታል።

ስለ ራሴም ልናገር። ልጠመቅ ስዘጋጅ የምታስተምረን አንዲት ትልቅ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርታ፣ «የማን ገንዘብ አለብህ?» አለችኝ። ደነገጥኩ። ስለ ሥላሴ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ከአንድ ጓደኛዬ ተበድሬ ለወራት ስሸሸው ነበር። ነገርኳት። «ጥምቀቱ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ጊዜ አለህ» ብላኝ ሄደች። ሄጄ ግማሹን ከፈልኩት፣ የቀረውን ጊዜ ስጠኝ ብዬ ለመንኩት፣ መዋሸቴንም ነገርኩት። የዚያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን ውሃው ውስጥ ስገባ ምን እየቀበርኩ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ለዚህ ነው ለሚያጠምቁና ለሚያስተምሩ ሁሉ የምለምነው። ትምህርቱን አታሳጥሩት አልልም፤ ሲያስፈልግ አሳጥሩት። ግን ሰውየውን ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ትዳሩ፣ ስለ ተቀየመው ወንድሙ፣ በሥራው ቦታ ስለሚያደርገው ነገር ጠይቁት። ከተጠመቀ በኋላም አትተዉት። ጌታ በማቴዎስ 28 ላይ አጥምቁ ብሎ አላቆመም። ያዘዝኳችሁን ሁሉ እንዲጠብቁ አስተምሩ ብሎ ነው የቀጠለው። አንድ አዲስ አማኝ ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚደውልለት፣ ሲወድቅ የሚያነሳው፣ ሲጠፋ የሚፈልገው አንድ ሰው ያስፈልገዋል። አንድ ሰው ብቻ!

ከዚያ ወዳጄ ጋር ያን ቀን የተጠየቃቸውን ጥያቄዎች ከአጥማቂው አግኝተናል። አንድ ገጽ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን አንድ በአንድ እናነባቸዋለን። እስካሁን ሦስተኛው ላይ ነን፤ እሱም ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሊነጋገር ቀጠሮ ይዟል።