ስለ ጤናችሁ ስብሰባ ተጠርቷል

የሠራተኛን ጤና በስብሰባ መጠበቅ እንደሚቻል መጀመሪያ የደረሰበት ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ቢታወቅ ኖሮ ሐውልት ይገባው ነበር። ሐውልቱም እንደ ሌሎቹ ፈረስ ላይ የወጣ ሳይሆን ወንበር ላይ የተደላደለ፣ ከፊቱ የታሸገ ውሃ የተደረደረለት፣ በቀኝ እጁ ድምፅ ማጉያ ጨብጦ «አንድ ነገር ብቻ ልጨምር» የሚል መሆን ነበረበት።

ሌላው ዓለም በዚህ ጉዳይ ብዙ ይደክማል። ወንበር ይቀይራል፣ መስኮት ያሰፋል፣ የሥራ ጫና ያቃልላል፣ ሠራተኛውን በሰዓቱ ወደ ቤቱ ይሸኛል። የእኛ መሥሪያ ቤቶች፣ የመንግሥቱም የግሉም፣ ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚገላግል ዘዴ አላቸው፤ ሠራተኛው ሲደክመው ስለ ድካሙ ይሰበሰባል። የዓለም ጤና ድርጅት በድብርትና በጭንቀት ምክንያት በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀናት እንደሚባክኑ፣ ኪሳራውም ወደ አንድ ትሪሊዮን ዶላር እንደሚጠጋ ይናገራል። እኛን ይህ ሊያሰጋን አይገባም። ጭንቀት የሥራ ቀናችንን ሊወስድ ሲመጣ ስብሰባ ቀድሞት ወስዶት ያገኘዋል።

ምስጋናው ከጥሪው ይጀምራል። ማስታወቂያው የሚለጠፈው ቅዳሜ 6 ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ደረጃ ሲወርድ ነው። «ነገ እሑድ ከጠዋቱ 2፡30 ጀምሮ በሠራተኛው ጤንነትና ምርታማነት ዙሪያ ውይይት ስለሚካሄድ ማንም ሰው መቅረት የለበትም» ይላል፤ ከሥር ክብ ማኅተም። ሠራተኛው እሑድ ቤቱ ቢውል ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ሊተኛ ይችላል። ከልጆቹ ጋር ሊጫወት ይችላል። እንዲህ ያለ ልቅ ኑሮ ለጤና እንደማይበጅ የገባው አስተዳደር ማለዳ ሰብስቦ ያስፈርመዋል። ኃላፊው ራሳቸው የሚደርሱት 4 ሰዓት ላይ ነው። በመሐል ያለችው አንድ ሰዓት ተኩል ለአእምሮ ዕረፍት የተመደበች መሆኗን የማይረዱ አጉረምራሚዎች መቼም አይጠፉም።

ከዚያ መጋረጃው ይዘጋል፤ አለዚያ የፕሮጀክተሩ ጽሑፍ አይታይም። በጨለማው ውስጥ አሠልጣኙ «በቂ የፀሐይ ብርሃን ለሠራተኛ ጤና ወሳኝ ነው» የሚለውን ያነቡልናል። ቀጥሎ «በየሰዓቱ ከመቀመጫ ተነስቶ መንቀሳቀስ» የሚል ይመጣል። ምክሩን ከልቡ የተቀበለ አንድ የሒሳብ ክፍል ባልደረባ ወዲያው ብድግ አለ። «ወንድሜ፣ እባክህ ተቀመጥ፤ ከኋላ ያሉት አይታያቸውም» ተባለ። ተቀመጠ። ወንበሩ ለሠርግና ለለቅሶ የሚከራየው የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ አንዱ እግሩ ትንሽ ይከፈታል፤ የጀርባ አጥንት አቀማመጥን የሚያሳየው ሥዕል እስኪያልፍ ድረስ ሰውየው በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ቆየ።

ውይይቱ ደግሞ የራሱ ጣዕም አለው። መጀመሪያ የሚነሱት «ከእኔ በፊት የተናገሩት ሐሳቤን ወስደውብኛል» ብለው የተወሰደባቸውን ሐሳብ ለሃያ ደቂቃ የሚያስመልሱት ናቸው። ቀጥሎ መድረኩን የሚያመሰግኑ፣ ከእነሱም ቀጥሎ መድረኩን ያዘጋጀውን አካል የሚያመሰግኑ ይነሳሉ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ዕድል ያገኘች አንዲት ጸሐፊ፣ በሦስተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት ውሃ ከጠፋ መሰንበቱን፣ ሴቶቹም ጎረቤት ካለው ካፌ ድረስ እየሄዱ መቸገራቸውን ተናገረች። ከመድረክ የተሰጣት መልስ በጨዋነቱ የሚጠቀስ ነው፦ «እህታችን ያነሱት ጥሩ ነው፤ ግን ባይሆን መድረኩን ወደ ዝርዝር አናውርደው።» ቃለ ጉባኤ ያዡም «በመሠረተ ልማት ዙሪያ ገንቢ አስተያየት ተሰጥቷል» ብሎ መዘገበው። ውሃው እስካሁን አልመጣም፤ ቃለ ጉባኤው ግን በሚገባ ተፈርሞ ፋይል ውስጥ ይገኛል።

እዚህ ላይ ሕግ አለ የሚሉ ሰዎች ይኖራሉ። አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳያልፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን የሠራም የሰዓት ደመወዙ በሁለት ተባዝቶ እንዲከፈለው ይላል። አርቃቂዎቹ ቅን ሰዎች መሆናቸው ያስታውቃል፤ የእሑዱ ጉባኤያችን ግን ከእነሱ የረቀቀ ነው። ስብሰባ ሥራ ስላልሆነ ትርፍ ሰዓት አይከፈልበትም፤ ስብሰባ ሥራ ስለሆነ ደግሞ የቀረ ሰው ደመወዙ ይቆረጣል። ይህን ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስታረቅ የቻለ የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ሽልማት ሲያንሰው ነው።

የዓመት ፈቃድም እንደዚሁ። አዋጁ አንድ ዓመት ላገለገለ 16 የሥራ ቀናት ይሰጥና ፈቃዱ ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይተላለፍ ይከለክላል። አንድ ወዳጄ ያሳየኝ የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ላይ ግን በቀይ እስክርቢቶ «ለጊዜው ሥራ ስለሚበዛ ይቆይ» ተብሎ ተጽፏል። ለጊዜው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። እሱም ቢሆን በየጉባኤው «ዕረፍት ለምርታማነት» የሚለውን ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለሚከታተል ጨርሶ አላረፈም ማለት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመጠቃት አደጋው በ35 በመቶ ይጨምራል ብለዋል። ጥናቱ ስለሚሠሩ ሰዎች እንጂ ስለሚሰበሰቡ ሰዎች ያለው ነገር የለም፤ ስለዚህ እኛን አይመለከትም።

የአሠራር ማሻሻያ ተብለው በየተራ በመጡት፣ በሥራ ሂደት ለውጡ፣ በሚዛናዊ ውጤት ተኮሩ፣ ከጃፓን በመጣው ካይዘን ዘመን ያላለፈ ሠራተኛ የለም። ለእያንዳንዳቸው ተሰብስበናል። ካይዘን የማያስፈልገውን ዕቃ ለይታችሁ አውጡ ሲል እንዴት እንደሚወጣ ለመወያየት የተሰበሰብንበት ክፍል ውስጥ የተሰበሩ ወንበሮች እስከ ጣሪያ ተቆልለው ነበር። አሁንም አሉ።

በጀት የተረፈ እንደሆነ ጉባኤው ወደ ቢሾፍቱ ይሻገራል። ሐይቅ ዳር፣ በሆቴል፣ ውሎ አበል ተቆርጦለት፣ ስለ ሥራ ጫና ይመከራል። የሚሄዱት ግን ጫናው ያለባቸው አይደሉም፤ እነሱ ሥራ ስለሚበዛባቸው ቢሮ ይቀራሉ። የሄዱት ሲመለሱ ፊታቸው ወዝቶ፣ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ «ዋናው አመለካከት ነው» እያሉ ይመጣሉ፤ እውነትም ሐይቅ አመለካከት ይለውጣል።

ከሁሉ በላይ የሚደነቀው ግን ሚያዝያ 20 ነው፤ በየዓመቱ የዓለም የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ቀን። ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ከቀደምቶቹ ናት፤ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155ን ያጸደቀችው በ1983 ዓ.ም. ነው። በዓሉ ሲደርስ «ደኅንነት ይቅደም» የሚል ካናቴራ ለሁሉም ይታደላል። ለሁሉም ስል ለጽዳት ሠራተኞቹም ማለቴ ነው፤ በዚህ መሥሪያ ቤቱ አድልዎ አያውቅም። ከበዓሉ ማግስት ካናቴራውን ለብሳ ኮሪደር የምትወለውል አንዲት እናት አየሁ። በረኪናውን ባልዲው ውስጥ ገልብጣ ባዶ እጇን እስከ ክንዷ ነከረች፣ ጨርቁን ጨምቃ አወጣች። የጣቶቿ ጫፍ ተላልጦ ነጭ ሆኗል፤ ጥፍሮቿ ሥር ቀልቷል። ጓንት የለም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «ተጠይቋል ልጄ፤ ግዢ ክፍል ነው ያለው አሉን» አለችኝ። ግዢ ክፍል ሄድኩ። ጉዳዩ በእርግጥም ተይዟል፤ ሦስት ዋጋ ማወዳደሪያ መቅረብ አለበት፣ የቀረበው ሁለት ነው፣ ሦስተኛው እስኪመጣ የግዢ ኮሚቴው መሰብሰብ አይችልም። ያ መሥሪያ ቤት መሰብሰብ ያልቻለበትን ጉዳይ ያገኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የካናቴራው ግዢ ግን በዓሉ ስለደረሰ ያለ ጨረታ በአንድ ቀን አልቆ ነበር።

ባለጉዳዩም ከበረከቱ ይቋደሳል። አሳንሰሩ ስለማይሠራ አራት ፎቅ በእግራቸው የወጡ አንዲት አዛውንት በሩ ላይ ደረሱ። የኃላፊው ኮት ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እማማ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው» አለቻቸው ጸሐፊዋ።

«ምን ገጥሟቸው ነው ልጄ?»

«ስለ ሠራተኛ ጤና ነው።»

«ውይ! ታመሙ እንዴ?»

«አይ፣ ደህና ናቸው።»

«ተመስገን» አሉ አዛውንቷ። ከዚያም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ የማዘዣ ወረቀታቸውን እንደያዙ ደረጃውን ጀመሩት።

በነገራችን ላይ የባለፈው ጉባኤ ውሳኔዎች አፈጻጸም የሚገመገምበት ቀጣይ ስብሰባ ተቆርጧል። ማስታወቂያው ትናንት ተለጥፏል፤ እሑድ፣ 2፡30፣ ያው አዳራሽ። ከሥሩ በደማቅ ቀለም የተጨመረች አንዲት መስመር አለች፦ «በሕመም ምክንያት መገኘት የማይችል ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃውን ይዞ በዕለቱ በአካል ቀርቦ ያስረዳ።»