ከአጠቃቀሙ ይልቅ ምስጢሩ
ስለ ቴክኖሎጂና ከኤች አይ ቪ ጋር ስለሚኖሩ አረጋውያን ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ፣ አረጋውያኑ ከቴክኖሎጂ የሚርቁት አጠቃቀሙን ስለማያውቁ ነው ማለቱ ነገሩን በግማሽ ብቻ ያሳያል። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች በስልክ የሚገናኙበትን የመረዳጃ ቡድን ለጥቂት ዓመታት ሳስተባብር ያየሁት ትልቁ እንቅፋት የስልክ አነካክ አለማወቅ ሳይሆን በተቆለፈው ስልክ ላይ ብልጭ የሚለው መልእክት ነበር። አንዲት እናት የልጅ ልጃቸው ስልካቸውን ይዞ ሲጫወት የቡድኑ ስም እንዳይታይ በመስጋት ማታ ማታ ከቡድኑ ይወጡና ጠዋት እንድንመልሳቸው ይጠይቁን ነበር፤ ስሙን «የአትክልት ወዳጆች» ብለን ስንቀይረው ግን መውጣታቸውን ተዉት (ስለ አትክልት እውነተኛ ወግም በዚያው ተጀመረ)። በጽሑፉ ላይ ከእኔ በፊት አስተያየት የሰጡት ሰው በቪዲዮ ካልተያዩ ብቸኝነት አይቀንስም ማለታቸውንም አልቀበለውም፤ በእኛ ቡድን ሰዎች ልባቸውን የሚከፍቱት ፊታቸው በማይታይበት የድምፅ ጥሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ገደማ ጥምር የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ከመምጣቱ በፊት፣ ከመጣም በኋላ መድኃኒቱ ሳይደርሳቸው፣ ባልንጀሮቻቸውንና የትዳር አጋሮቻቸውን የቀበሩ ሰዎች የሚናፍቁት ያንን ዘመን ሳይነገረው የሚያውቅ ጆሮ ነው። መድኃኒት የሚወሰድበትን ሰዓት የሚያስታውስ መተግበሪያ ጠቃሚ መሆኑን አልክድም፤ ይሁንና ክኒኑ መዋጡን እንጂ ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ አይጠይቅም።