እርማት፦ ጆርጅና ሌኒ ዘመዳሞች አይደሉም

አብረው ስለሚሠሩት የጆን ስታይንቤክ «Of Mice and Men» ልቦለድ ሁለት የቀን ሠራተኞች አንድ አንባቢ «ጆርጅ ሌኒን የማይተወው የአጎቱ ልጅ ስለሆነ ነው» ብለዋል። ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በመጽሐፉ (እ.ኤ.አ. 1937) ይህን ዝምድና የፈጠረው ራሱ ጆርጅ ነው፤ የእርሻው አለቃ የሌኒን ደመወዝ ሊበላበት ይሆናል ብሎ ስለጠረጠረው ዋሸ። ወዲያው ለሌኒ ውሸት መሆኑን ይነግረዋል። እውነቱን የምናገኘው ጆርጅ የእርሻው ሠራተኛ ለሆነው ለስሊም ሲያጫውተው ነው፦ ሁለቱም የኦበርን ከተማ ልጆች ናቸው፤ ሌኒን ያሳደገችው አክስቱ ክላራ ስትሞት ጆርጅን ተከትሎ ለሥራ ወጣ። በቃ፣ የአገር ልጅነት ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ አለቃው ነው፤ የቀን ሠራተኛው ሁሉ ጓዙን ተሸክሞ ብቻውን በሚንከራተትበት በዚያ የካሊፎርኒያ ምድር፣ ሰው ለባዳ ሲቆረቆር አይቶ አያውቅም። እርሻው የሚገኝበት አካባቢ ስሙ ሶሌዳድ ነው፤ በስፓኒሽ «ብቸኝነት» ማለት ነው።