ሉተንና ለገጣፎ

አዲስ አዳጊ ክለብ እንግሊዝም ይሁን ኢትዮጵያ ወሬው አንድ ነው። ማን ይፈርማል? ስንት ይከፈለዋል? ይተርፋል ወይስ ይወርዳል? እኔን የሚገርመኝ ግን ያቺ ጥቂት ገንዘብ የምታልቅበት ቦታ ነው።

ለገጣፎ ለገዳዲን ውሰዱ። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን መንገድ ስትወጡ፣ ከተማው አለቀ ስትሉ ለገጣፎ ትጀምራለች። ክለቡ በ2014 ዓ.ም. ከሁለተኛው እርከን፣ ከከፍተኛ ሊግ አደገ፤ በ2015 ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቶ በዚያው ዓመት ወረደ። እዚህ እኔ ያለሁበት አገር ደግሞ ሉተን ታውን እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ዌምብሌይ ላይ ኮቬንትሪን በመለያ ምት ረትቶ ወደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። እሱም ዓመት ቆይቶ ወረደ። «ሁለቱም ከወረዱ ምኑን ታወዳድራለህ?» የሚል አይጠፋም። አወራረዳቸውን ነዋ!

ሉተን ለለንደን ቅርብ ነው። ኬኒልወርዝ ሮድ የሚባለው ሜዳው ወደ 12 ሺህ ሰው ቢይዝ ነው። የእንግዳ ደጋፊ መግቢያ ተደርድረው ከተሠሩ መኖሪያ ቤቶች መሀል የተፈለቀቀ በር ነው። በሩን አልፋችሁ ደረጃውን ስትወጡ የሰው ጓሮ ከሥራችሁ ይታያል። የተሰጣ ልብስ፣ የልጅ ብስክሌት፣ የተጣለ ወንበር። አጥሩ ቆርቆሮ ቢሆን ኮተቤ ነው ትላላችሁ።

ካደጉ በኋላ ይህንኑ ሜዳ ለሊጉ መስፈርት ለማብቃት ወደ 10 ሚሊዮን ፓውንድ አወጡ። ግዢ ላይ ግን ቆጠብ ብለዋል። ሮስ ባርክሌይን ያመጡት በነፃ ነው፤ ብዙ ሰው አልቆለታል ያለውን ተጫዋች። አማካዩ ፔሊ ሩዶክ ምፓንዙ ደግሞ ክለቡ አምስተኛው እርከን ላይ ሳለ ጀምሮ አብሮት ወጥቷል። ከዚያ ተነስቶ በአንድ ክለብ ማልያ ፕሪሚየር ሊግ የደረሰ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው። ሲወርዱም ባዶ እጃቸውን አልወረዱም። ሊጉ ለወራጅ ክለብ ለተወሰኑ ዓመታት የሚሰጠው መቋቋሚያ ገንዘብ አለ። ፈረንጅ ሁሉን ያውቃል ማለቴ ግን አይደለም። ሉተን ያን ሁሉ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2025 እንደገና ወርዶ ሦስተኛው እርከን ላይ አረፈው።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የእኛ ፕሪሚየር ሊግ ቡድኖቹን በተመረጡ ከተሞች ሰብስቦ ሲያጫውት ቆይቷል። ባሕር ዳር ይከርማሉ፣ ድሬዳዋ ይወርዳሉ፣ አዳማ ይሰነብታሉ። ለቴሌቪዥን ይመቻል፤ ሊጋችን በዲኤስቲቪ መታየቱም ቀላል ነገር አልነበረም። ግን ሆቴሉ አለ፣ አበሉ አለ፣ አውቶቡሱ አለ። ቲኬት ሸጦ የሚያካክሰው ነገር የለም፤ ደጋፊው ቤቱ ነው ያለው። ሀብታም ክለብ ይችለዋል። አዲስ አዳጊው ግን ኪሱን የሚያራግፈው እዚያ ነው።

የቀረችው ለፊርማ ትሄዳለች። ብዙዎቹ ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው፤ በጀቱ ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል። ክረምት ላይ አዲስ በጀት እስኪጸድቅ ደህና ደህናው ተጫዋች ሌላ ጋ ፈርሟል። ውሉም አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። ቡድኑን ያሳደጉት ልጆች ይበተናሉ፣ በእነሱ ምትክ «ልምድ ያለው» ይመጣል፣ እሱም በዓመቱ ጓዙን ይሸክፋል። ለወራጁ ክለብ ምን ይቀረዋል? በ2011 ነሐሴ የደሞዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን ተብሎ ነበር። ድሃ ክለብን ከመሻማት ያድን ይሆናል፤ ሜዳ ግን አይሠራለትም።

ባለፈው አገር ቤት ስገባ ለገጣፎ ከእህቴ ልጅ ጋር ኳስ የሚታይበት ቤት ቁጭ ብለናል። የእንግሊዝ ጨዋታ ነው፤ ቤቱ ጢም ብሏል፣ ማኪያቶ የያዘው አስተናጋጅ መተላለፊያ አጥቷል። ክለባችሁ ያደገ ጊዜ እንዴት ነበር ስለው፣ «ጋሼ፣ እነሱንም ሉተንንም ያየኋቸው እዚችው ቲቪ ላይ ነው» አለኝ።

እኔ ብሆን ለሦስተኛ አጥቂ የሚከፈለውን ፊርማ ሣር ላይ አውለው ነበር። ሊጉም ለአዲስ አዳጊ ቢያንስ ጥቂት ጨዋታ ሰፈሩ አካባቢ ቢፈቅድለት ምን ይጎዳል? ብቁ ሜዳ የለም ይባላል፤ እውነት ነው፣ የአዲስ አበባ ስታዲየም ራሱ ለእድሳት ተዘግቶ ስንት ዓመት ከረመ።

ይህንኑ ለልጁ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «ሜዳ ሠርቶ የወረደን አመራር ማን ይምረዋል?»

ሉተን አሠልጣኙን ሮብ ኤድዋርድስን ከወረደ በኋላ እንኳ አላባረረውም፣ የተለያዩት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ነው አልኩት።

«እኛ ጋ ቢሆን ለገና አይደርስም ነበር» ብሎ ዓይኑን ወደ ቲቪው መለሰ።