ኢሲጂው ደህና ከሆነ ልቤ ለምን ትዘላለች?

ባሕር ዳር ውስጥ በየክሊኒኩ በር ላይ ወረፋ ከሚጠብቀው ሰው መካከል «ልቤ ትዘላለች»፣ «ቀጥ ብላ ቆማ እንደገና ትነሣለች» የሚል አይጠፋም። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት በወረቀት ላይ የሚቀርጽ ምርመራ) ይነሣል፣ ወረቀቱ ደህና ይሆናል፣ «ምንም የለብህም፣ ጭንቀት ነው» ተብሎ ይሸኛል። ሌሊት ያው ስሜት ሲመለስ ግን ያ ቃል እንቅልፍ አይሰጥም። ቀጥሎ ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ኢሲጂ፤ ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ አዲስ አበባ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የልብ ስፔሻሊስት ፊት የሚቀርበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የያዘው የደህና ቀን ወረቀት ብቻ ነው። ልቡ በተዛባችበት ሰዓት የተነሣ ኢሲጂ ከሌለ ስፔሻሊስቱም ከመገመት አያልፍም። ስለዚህ ከጉዞው በፊት መቅደም ያለበት ምቱን እዚሁ መያዝ ነው።

ኢሲጂ አሥር ቦታ ይለጠፋል፤ ስድስቱ ደረት ላይ፣ አራቱ እጅና እግር ላይ። የሚቀርጸው ግን 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ቀኑ 86,400 ሰከንድ አለው። በሳምንት ሁለቴ ለአምስት ደቂቃ የሚመጣ መዛባት በእነዚያ 10 ሰከንዶች ካልተገኘ ወረቀቱ ንጹሕ ይሆናል፤ ሰውየውም አልዋሸም፣ መሣሪያውም አልተሳሳተም። ኢኮን (የልብ አልትራሳውንድን) ብዙ ሰው ከኢሲጂ አብልጦ ያከብረዋል፣ ምስል ስላለውና ዋጋውም ስለሚበልጥ። ኢኮ የሚያሳየው ግን የልብን ቅርጽ፣ በሮቿን (ቫልቮቿን) እና የመርጨት አቅሟን ነው። የምቱን ሥርዓት የሚናገረው ኢሲጂ ነው። ኢኮ ደህና ሆኖ ምቱ የታመመ ሰው ሞልቷል።

አብዛኛው «ዘለለች» የሚባለው ነገር ያለ ጊዜው የመጣ ተጨማሪ ምት ነው። ቀድሞ ስለሚመጣ ልብ ገና በደም አልሞላችም፤ ምቱ ደካማ ነው፣ እጅ ላይ ጭራሽ ላይሰማ ይችላል። ከዚያ ረዘም ያለ ዕረፍት ይሆናል፣ በዕረፍቱም ከወትሮው የበለጠ ደም ይገባል። ቀጣዩ ምት ያን ሁሉ ሲገፋ ደረትን ይደልቃል። ሰውን ከአልጋ የሚያስነሣው ድልቂያ እንግዲህ ጤነኛው ምት ነው። በግራ ጎን ሲተኙ የሚብሰውም ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ስለምትጠጋ ነው። ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። «ጭንቀት ነው» ለማለት ሁለት ሰከንድ ስለሚበቃ ግን እሱ ያሸንፋል።

ምት የሚቆጠረው እንዲህ ነው፦ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ፣ የአመልካችና የመሐል ጣትን ከአውራ ጣት በታች በኩል በእጅ አንጓ ላይ ማሳረፍ፣ ሙሉ 60 ሰከንድ መቁጠር። በአውራ ጣት አይዳሰስም፤ የራሱ ትርታ ያሳስታል። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ምቱ ለተዛባ ሰው አይሠራም። ዕረፍት ላይ ላለ አዋቂ ከ60 እስከ 100 የተለመደ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ግን አመታቱ ይበልጥ ይናገራል። እኩል እየመታ አልፎ አልፎ የሚያዘልል ከሆነ ብዙ ጊዜ ከላይ የተባለው ነው። ድንገት ጀምሮ እኩል ሆኖ ከ150 እስከ 220 የሚሮጥ፣ ከዚያም መብራት እንደሚጠፋ በአንዴ ቀጥ የሚል ሌላ ነው፤ መንገድ የሳተ የኤሌክትሪክ ዙረት ነው፣ የራሱ መድኃኒትም አለው። ምንም ዓይነት ሥርዓት የሌለው፣ አንዱ ፈጥኖ ሌላው ዘግይቶ የሚመጣ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ የሚታለፍ አይደለም።

ስሜቱ ሲመጣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ ምን እየተሠራ እንደነበርና እንዴት እንዳቆመ መጻፍ ይጠቅማል። ከሰፈር የትኛው ተቋም ኢሲጂ እንዳለው፣ ሌሊትም እንደሚያነሣ ቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል፤ ጤና ጣቢያ ሁሉ የለውም። ሲደረስ የመጀመሪያው ቃል «አሁን እየተሰማኝ ነው፣ ሳያልፍ አንሡልኝ» ነው። ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። ይቆይልኝ ብሎ ላሚኔት የሚያስደርገው ደግሞ በሙቀቱ ሙሉውን ጥቁር ያደርገዋል። በስልክ ፎቶ ማንሣትና በወረቀት ፖስታ ማስቀመጥ ይሻላል። 24 ወይም 48 ሰዓት ሰውነት ላይ ታስሮ ምቱን ሳያቋርጥ የሚቀርጸው ሆልተርም ቢሆን በወር አንዴ ለሚመጣ ነገር ገንዘብ ማባከን ሊሆን ይችላል።

ያ በድንገት የሚሮጠው ዓይነት በኢሲጂ ከተረጋገጠ ሐኪሙ አንድ ብልሃት ሊያስተምር ይችላል። ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ተቀምጦ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጫፍ ላይ፣ መግፊያው ነቅነቅ እስኪል ድረስ 15 ሰከንድ መንፋት፤ ወዲያው በጀርባ መተኛትና ሌላ ሰው እግርን 45 ዲግሪ ከፍ አድርጎ 15 ሰከንድ እንዲይዝ ማድረግ። በ2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በተደረገ ጥናት በዚህ መንገድ ምታቸው የተስተካከለው 43 በመቶ ሲሆኑ፣ እግር ሳይነሣ ብቻ የነፉት 17 በመቶ ነበሩ። ምቱን ለማብረድ ተብሎ ዓይንን መጫን ግን ፈጽሞ አይገባም።

እዚህ አገር «ወጣት ነህ፣ ልብህ ምን ይሆናል» የሚለው ማጽናኛ አያስተማምንም። በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የልብን በር አጥብቦ ሊያስቀር ይችላል። እንጥል ማስቆረጥ ከዚህ አያድንም፤ የሚያድነው ጉሮሮውን በአንቲባዮቲክ ማከም፣ በሽታው ከታወቀ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን ነው። በሩ ሲጠብ ምት ሥርዓት ያጣል፣ ደም ይረጋል፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሄዶ የ30 ዓመት ሰው ግማሽ አካሉ ሊከዳው ይችላል። ለዚህ በሽታ ክትትል የማያሻው አዲሱ ደም ማቅጠኛ ይሻላል የሚለው ሐሳብ በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣ ትልቅ ጥናት ሳይሠራ ቀርቷል፤ የቆየው ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን በልጧል። ዋርፋሪን ደግሞ አይኤንአር (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ቁጥር) ከ2 እስከ 3 መሆኑ በደም ምርመራ እየታየ የሚወሰድ ነው። በዐቢይ ጾም ጎመን ሲበዛ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ከፋሲካ በኋላ ጎመኑ ሲቀር ይወጣል። መፍትሔው ጎመን መተው ሳይሆን በሳምንት የሚበላውን መጠን ማመጣጠን፣ ጾም ሲያዝና ሲፈታም መለካት ነው። ከጣና ሐይቁ ደቅ ደሴት ለሚመጣ ታካሚ ቀጠሮው ከጀልባው ቀን ጋር ካልገጠመ ምርመራው ይቀራል፤ ቀጠሮ ሰጪው ይህን ቢጠይቅ ምንም አይከብደውም።

በቡና ላይ ያለው ጥብቅ ክልከላ የተጋነነ ይመስለኛል። ቡና አብቃዩ ዘጌ አጠገብ ያለን ሰው ቡና ሙሉ በሙሉ ይቅርብህ ከማለት ሁለት ሳምንት ተወው፣ ልዩነቱን ጻፍ ማለት ይቀላል፤ ልዩነት ከሌለ አቦሉን ይጠጣ። ጫት ግን ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍም ይነሣል። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መዛባትና የፖታሲየም ማነስ በደም ምርመራ የሚታዩ ናቸው፤ «ጭንቀት» ከመባሉ በፊት ሊታዩ ይገባል። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ፕሮፕራኖሎል (ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት) ገዝቶ መዋጥ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

ራስን መሳት፣ በተለይ በሥራ ወይም በሩጫ ላይ፤ የደረት ሕመም፤ ትንፋሽ ማጠር፤ አፍ መጣመም፣ እጅ መዛል፣ ንግግር መጥፋት፦ እነዚህ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ናቸው፣ ምት ለመቁጠር ጊዜ አይጠፋም። በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ወይም ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ምልክቱ ቀላል ቢመስልም ወደ ስፔሻሊስት ይላካል።

ሪፈሩ ወደ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሲጻፍ «የልብ ምት መዛባት» ብቻ ከሆነ የሚረዳው ጥቂት ነው። የተያዘው ኢሲጂ ቅጂ፣ የመድኃኒቶቹ ስምና መጠን፣ እንዲሁም ግልጽ ጥያቄ ይኑርበት፦ ይህ ምት ምንድን ነው? ደም ማቅጠኛ ያስፈልገዋል? በጤና መድኅን የሚታከም ሰው ሪፈሩን ሳይዝ ቢዘል ወጪው በራሱ ሊሆን ይችላል። ከተቋማቱ ደግሞ የሚጠበቀው ርካሽ ነገር ነው፤ ምቱ ገና ያልተያዘለት ታካሚ ካርድ ላይ «ስሜቱ ሲመጣ ያለ ወረፋ ኢሲጂ ይነሣለት» ብሎ መጻፍና ካርድ ክፍሉም፣ ዘበኛውም፣ የሌሊት ተረኛውም ይህን እንዲያውቁ ማድረግ።