ስሪዲው ይቆይ፣ ሰክሽኑን አሳዩን

የአዳዲስ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃዎች ፕላን ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው ይየው የሚል ጽሑፍ አንብቤ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን ምኑን ነው የምናየው? ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ያው የሚያብረቀርቅ ስሪዲ፣ በኮምፒውተር የተሠራ የሕንፃው ምስል ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መስታወቱ ሰማያዊ፣ ዝናብ የሚባል ነገር የለም። ጅማ ላይ! እዚህ እኮ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የጣሪያ ፕላኑንና ሰክሽኑን (ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ቢቆረጥ ውስጡ ምን እንደሚመስል የሚያሳየውን ሥዕል) ነው የምጠይቀው። ጣሪያው ከግድግዳው ምን ያህል ወጣ ብሏል? አሸንዳው ውሃውን ወዴት ይወስደዋል፣ ወደ ቦይ ነው ወይስ ወደ ጎረቤት ግቢ? ባለጉዳይ ሰልፍ ይዞ ሲጠብቅ የት ይጠለላል? ጂሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለዚህ ጥሩ መልስ አለው፤ በረንዳ። ሙሉ በሙሉ በመስታወት የታሸገ ሕንፃ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ውስጡ ያፍናል።

ሌላው ራምፕ ነው፤ በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ይሁን ብሏል፤ መጸዳጃ ቤቱም ጭምር። ለወጉ ያህል ደረጃ ጎን የተለጠፈች ቁልቁለት ግን ራምፕ አትባልም። በተለመደው ልኬት 1 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ፕላኑ ላይ በማስመሪያ ይለካል፣ ቀላል ነው።

ስለ ቀለሙ አንጣላም። ፕላኑን ብቻ በትልቁ አትማችሁ ቀበሌ በር ላይ ለጥፉልን። ግንበኛውም አናጢውም ሲያልፍ ቆሞ ያየዋል።