የሰው ቃል ሰርቆ ድል ማበላሸት

ሹክሪ ኮንራድን እወደዋለሁ። መጀመሪያ ይሄ ይያዝልኝ። የደቡብ አፍሪካን የክሪኬት ቡድን ይዞ በፈረንጆቹ 2025 ሰኔ ላይ የለንደኑ ሎርድስ ሜዳ ገብቶ፣ አውስትራሊያን አሸንፎ፣ የዓለም የቴስት (እስከ አምስት ቀን የሚቆየው ክሪኬት) ሻምፒዮን ያደረገ አሰልጣኝ ነው። ግን ቅዳሜ ዕለት ህንድ ውስጥ፣ ቪሻካፓትናም ላይ የሰጠውን ማብራሪያ ስሰማ ደሜ ፈላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር 16፣ እዚያው ህንድ ጉዋሃቲ ላይ፣ ከህንድ ጋር የተደረገው የሁለተኛው ቴስት አራተኛ ቀን አለቀ። የኮንራድ ቡድን በመጀመሪያው ዙር 288 ራን (የክሪኬት ነጥብ) ይመራ ነበር። እንደዛም ሆኖ ራሱ ድጋሚ ገብቶ ሲመታ ዋለ። ኮንራድ ለምን ይሄን ያህል ቆያችሁ ተባለ። ህንዶች ሜዳ ላይ ቆመው እንዲውሉ ስለፈለግን ነው አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ቀጠለና «አባባሉን ልስረቅና» ብሎ፣ ግሮቭል እንዲያደርጉ ፈለግን አለ። ግሮቭል ማለት በእኛ ቋንቋ በእንብርክክ መሄድ ነው።

ቅዳሜ ደግሞ ተንኮል አስቤ አይደለም፣ የተሻለ ቃል መምረጥ እችል ነበር፣ ሰው የራሱን ትርጉም እንዲሰጠው ክፍት አድርጌ ተውኩት አለ። እሱ የሰጠው ትርጉም ሜዳ ላይ ረጅም ሰዓት ይቆዩ የሚለውን ብቻ ነው አለ።

የቱ ነው ክፍቱ? «ልስረቅና» ብሎ የጀመረ ሰው ዕቃው ባለቤት እንዳለው ያውቃል። እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ጂፒ በሚባለው የንግድ ሰፈር ሱቅ ከከፈትኩ ዓመታት ሆኖኛል፤ ሌባም ይዤ አውቃለሁ። ኪሱ ውስጥ ካልሲ የተገኘበት ሁሉ «እንዴት እንደገባ እንጃ» ይላል። ልሰርቅ ነው ብሎ አውጆ፣ ሰርቆ፣ ከዛ የማን እንደሆነ አላየሁም ያለ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

የቃሉ ባለቤት ቶኒ ግሬግ ነው። እዚሁ ደቡብ አፍሪካ፣ ኩዊንስታውን ተወልዶ ያደገ ነጭ፣ በኋላ የእንግሊዝ ካፒቴን የሆነ። በፈረንጆቹ 1976 የዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን አገሮች) ቡድን እንግሊዝን ሊጎበኝ መጣ። ከመጀመሪያው ቴስት በፊት ግሬግ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ በእንብርክክ አስኬዳቸዋለሁ አለ። ማንን? የባሪያ ልጅ ልጆችን። ማን? አፓርታይድ አገር ያደገ ሰው፣ በዚያ የደቡብ አፍሪካ ዘዬው። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሶዌቶ ውስጥ ተማሪዎች ላይ ጥይት ተተኮሰ። ጁን 16 የምንለው፣ በየዓመቱ በዓል ሆኖ የሚውለው ቀን ማለት ነው።

ከዛስ? ቪቭ ሪቻርድስ በአራት ቴስት 829 ራን ሰበሰበ። ለንደን ኦቫል ሜዳ ላይ በአንድ ዙር ብቻ 291። ማይክል ሆልዲንግ እዚያው ኦቫል 14 ዊኬት ለቀመ፤ 14 ጊዜ መቺ አስወጣ ማለት ነው። ዌስት ኢንዲስ 3 ለ 0 አሸነፈች። ግሬግም የዌስት ኢንዲስ ደጋፊዎች በተቀመጡበት በኩል ሄዶ፣ ሜዳው ላይ ተንበርክኮ፣ በእጅ በእግሩ ዳኸላቸው። ሰዉ ሳቀ። ቃሉ ግን ከዚያ በኋላም በእሱ ስም ተጽፎ ቀረ። ክሪኬት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይሄን ያውቃል። ኮንራድ ደግሞ አርባ ጊዜ ያውቃል።

እዚህ ጋ ነው የምናደደው። ይሄን ነጭ አሰልጣኝ ቢለው ዘረኛ ብዬ አልፈው ነበር። ኮንራድ የኬፕ ታውን ሰው ነው፤ ያ መንግሥት «ከለርድ» ብሎ ከመደባቸው ወገኖች። የአባቱ ትውልድ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን መሰለፍ አይችልም ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ይኸው የተወጋው ልጅ ረሳና ጦሩን አንስቶ ሌላ ሰው ላይ ቃጣው።

ሱቅ የሚያግዘኝ ልጅ «ጋሼ፣ ቃል እኮ ነው፣ አያካብዱት» ይለኛል። ኢንተርኔት ላይም እንደሱ የሚል ሞልቷል። ስፖርት ነው፣ ፉክክር ነው፣ ተሸናፊ ሲያኮርፍ ነው። ልጁ በእንብርክክ ሄዶ አያውቅማ! እኔ ስድስተኛ ክፍል ሆኜ፣ አርፍደን ስንደርስ በሩ ላይ አንድ መምህር ይጠብቀን ነበር። ከበሩ እስከ ባንዲራው፣ በእንብርክክ፣ ጠጠር ላይ። ጠጠሩ ቆዳ ውስጥ ይገባና ክፍል ቁጭ ብለህ በጥፍርህ ትነቅለዋለህ። ሕመሙ ግን ምንም አልነበረም። ሴቶቹ በመስኮት ያዩሃል። መምህሩ ከኋላህ በእርጋታ እየተራመደ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ይከተልሃል። ቅጣቱ ያ ነው፤ አንተ በጉልበትህ እሱ በእግሩ። ስለዚህ አንድ ሰው ሌላውን በእንብርክክ ላስኬደው ሲል ላድክመው ማለቱ አይደለም። ላድክመው ከፈለገ «ላድክመው» የሚል ቃል አለ። ላሸንፈው ከፈለገም አለ። ይሄኛውን የሚመርጠው ከላይ ሆኖ ማየት ሲያምረው ነው።

ሌላው መከራከሪያ ይባስ ያስቃል። ህንዶቹም ካፒቴናችንን ቴምባ ባቩማን ድንክ ብለውታል ይላሉ። አዎ ብለውታል። በመጀመሪያው ቴስት፣ ኮልካታ ላይ የሜዳው ማይክ ይዞታል፣ እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ነውር ነው። ካፒቴናችን በቁመቱ ተሰደበና አሰልጣኙ በ1976 ስድብ መለሰለት? ባቩማ መልሱን እዚያው ሰጥቶ ጨርሷል። ሌላው ሁሉ በሚወድቅበት ሜዳ፣ በሁለተኛው ዙር ሳይወጣ 55 መታ። ህንድ ለማሸነፍ 124 ብቻ ጎድሏት 93 ላይ አለቀች። ከኬፕ ታውኑ የጥቁሮች ሰፈር ከላንጋ የወጣ አጭር ልጅ፣ እስከዚህ ተከታታይ መጨረሻ ካፒቴን ሆኖ 12 ቴስት መርቶ 11 ያሸነፈ፣ አንዱን አቻ የወጣ፤ አንድም ሽንፈት የለበትም። እንዲህ ያለ ሰው ጠበቃ አያስፈልገውም።

አሁን ከድሉ ምን ቀረ? ደቡብ አፍሪካ ህንድ ውስጥ የቴስት ተከታታይ ያሸነፈችው ከ25 ዓመት በኋላ ነው። ጉዋሃቲ ላይ በ408 ራን! ህንድ በራን በዚህን ያህል ተሸንፋ አታውቅም። ሳይመን ሃርመር የሚባል፣ ኳስ እያሾረ የሚወረውር የ36 ዓመት ስፒነር ነበር። በ2015 ህንድ ሄዶ ተሸንፎ የተመለሰ፣ ከቡድን የወጣ፣ ተስፋ ቆርጦ እንግሊዝ ለኤሴክስ ክለብ ሊጫወት የተሰደደ። አሥር ዓመት ቆይቶ ህንድ ተመለሰና በሁለት ቴስት 17 ዊኬት ወሰደ። የእኛ ስደተኛ ሁሉ የሚገባው ታሪክ እኮ ነው! ሰው ቡና ላይ ማውራት የነበረበት ስለ ሃርመር ነበር። ይሄው ሁለት ሳምንት ሊሞላ ነው፣ ሁሉም የሚያወራው ስለ አንዲት ቃል ነው። ኮንራድ ራሱ ድሉ በመደብዘዙ አዝናለሁ ብሏል። ማን አደበዘዘው ታዲያ? በፈረንጆቹ 2025/26 በጋ አገር ቤት አንድም ቴስት አልነበረንም። ያለን ይሄው ነበር።

ደግሞ ህንዶቹን ሜዳ ላይ ያቆማቸው ማን ሆነና! ሴኑራን ሙቱሳሚ ነው፣ በመጀመሪያው ዙር 109 የመታው። የደርባን ልጅ፣ የዘር ሐረጉ ከደቡብ ህንድ የሚመዘዝ። የደርባን ህንዶች ከ1860 ጀምሮ በኮንትራት የመጡ፣ ሸንኮራ ሲቆርጡ ጎብጠው የኖሩ ሰዎች ናቸው። በእንብርክክ የሚለው ቃል በዚያ ልጅ መቶ ላይ ነው የተለጠፈው።

ህንዶች ከሚበዙበት የጆሃንስበርግ ሰፈር፣ ከፎርድስበርግ የሚመጣ፣ ካልሲና ቀበቶ በካርቶን የሚወስድ ደንበኛ አለኝ። ሽማግሌ ነው፣ እሱም ቤተሰቡ ደርባን ነው። የጉዋሃቲ ጨዋታ በእኛ ሰዓት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ይጀምራል፤ ሱቅ ስከፍት ስልኩን ባንኮኒው ላይ አቆመዋለሁ። እሁድ ዕለት ሙቱሳሚ መቶ ሲሞላ ሽማግሌው ካርቶኑን ጥሎ አቀፈኝ። «የእኛ ልጅ» አለ፤ የቱን «እኛ» እንዳለ አልጠየቅኩትም። ረቡዕ ረፋድ ላይ መጣ። ሃርመር ስድስተኛውን ዊኬት ወስዶ ነበር። አሸነፍን እኮ አልኩት።

«አየሁ» አለና የካርቶኑን ዋጋ ጠየቀኝ።